ባሕር ዳር ላይ ውሃ በ94 ይፈላል

ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የምጠምቀው በከረጢት ነው። ብቅሉን በስስ ከረጢት አድርጌ ሙቅ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። ስኳሩ ሲወጣ ከረጢቱን አነሳና የቀረውን አፈላለሁ። አንድ ድስት፣ አንድ ከረጢት፣ በቃ። አባይ ማዶ ያለችው ጓሮዬ ከዚያ በላይ አትችልም።

የመጀመሪያዎቹ አራት ጠመቃዎች ግን ቀጠኑብኝ። አልኮል አላቸው፣ ሲጠጡ ግን ውሃ ውሃ ይላሉ። ብቅሉን ጠረጠርኩ። እርሾውን ቀየርኩ። ለካ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር።

ቴርሞሜትሩን የገዛሁ ቀን ልፈትነው ብዬ የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። 94 አለ። ውሃ በ100 ይፈላል ተብለን አይደል የተማርነው? ስለዚህ «ይሄ ነገር 6 ዲግሪ ያጎድላል» ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ ባነበብኩት ሁሉ ላይ 6 እደምር ነበር። 61 ሲል «67 ደረሰ» እል ነበር።

እኛ ግን የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 አካባቢ ነው። ቴርሞሜትሩ ልክ ነበር። ይህ የገባኝ በረዶ የሞላበት ውሃ ውስጥ ስከተው ነው፤ ዜሮ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከፍታ ላይ የምትኖሩ ሁሉ በበረዶ ፈትኑ።

6 ዲግሪ ለጠማቂ ብዙ ነው። ብቅል ውስጥ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩ ሁለት ዋና ኢንዛይሞች አሉ። ቤታ አሚሌዝ ከ60 እስከ 65 ባለው ይበረታል፤ እርሾ ጥርግ አድርጎ የሚበላውን ስኳር ይሰጣል። አልፋ አሚሌዝ ወደ 70 ሲጠጋ ይበረታል፤ እርሾ የማይነካውን፣ ቢራውን ወፈር የሚያደርገውን ያስቀራል። 67 ላይ ሁለቱም ይሠራሉ። እኔ 61 ላይ ቁጭ ብዬ ወፈር ያለ ቢራ እጠብቅ ነበር።

አሁን 22 ሊትር ውሃ 71 አደርሳለሁ። 4 ኪሎ ብቅል ሲገባበት ወደ 67 ይወርዳል። ብቅሉን ወፍጮ ቤት «ሽርክት አድርጉልኝ» ብዬ አስፈጨዋለሁ፤ ሳይሰበር የቀረ ፍሬ ካየሁ አስመልሰዋለሁ።

ሌላውን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ጠላ ጠምቃለች። አንድ ቀን ብቅሉን በአንዴ ስገለብጠው አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። እጇን ሰደደችና አንዷን ጓል አውጥታ በጣቷ ፈረከሰቻት። ውስጧ ደረቅ፣ ነጭ ዱቄት። «ይሄ'ኮ ውሃ አላየም ልጄ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በጣሳ በጣሳ እየጨመርኩ፣ በእንጨት ማማሰያ ሳላቋርጥ አማስላለሁ።

ከዚያ እሳቱን አጥፍቼ ድስቱን በጋቢ እጠቀልለዋለሁ። በሰዓት ከ2 ዲግሪ በላይ አይወርድም። ድሮ ሲቀዘቅዝብኝ እሳት እለኩስበት ነበር፤ የከረጢቱ ታች ድስቱ ላይ ተጣብቆ ቀለጠ፣ ገለባው ሁሉ ፈሰሰ። ከረጢቱ የተሰፋው ከስስ የመጋረጃ ጨርቅ ነው። ከዚያ በፊት የሞከርኩት የጥጥ ጨርቅ ቶሎ ይደፈንና ፈሳሹን አያሳልፍም።

ሰዓቱ ሲሞላ ጠብታ ፈሳሽ ነጭ ሳህን ላይ አድርጌ ከፋርማሲ የገዛሁትን አዮዲን ጠብ አደርግበታለሁ። ከጠቆረ ስታርች ቀርቷል፤ 15 ደቂቃ እጨምራለሁ። ቀለሙ ካልተለወጠ ከረጢቱን አንስቼ በደንብ እጨምቀዋለሁ። ፈሳሹን ከማፍላቴ በፊት በሃይድሮሜትር (የስኳሩን መጠን በሚያሳይ መለኪያ) የማነበው ቁጥር ድሮ 1.037 ነበር፤ አሁን 1.046 ደርሷል።

94 ሌላም ቦታ ተከትሎኛል። ሆፕስ፣ ማለትም ቢራን የሚያመርረው አበባ፣ ምሬቱን የሚሰጠው በሙቀት ነው፤ እዚህ ደግሞ ፈልቶም 100 አይደርስም። ስለዚህ አሁን 60 ደቂቃ የነበረውን ማፍላት 80 አድርጌዋለሁ።