ብረት ሳይቀልጥ ይወድቃል

የጂ+1 የቤት ዕቃ ማምረቻ የብረት ስትራክቸር ዲዛይን እጄ ገብቶ ነበር። ታች ወርክሾፕ፣ ላይ መሸጫ። እንጨት፣ ስፖንጅ፣ ቫርኒሽና ሙጫ አንድ ጣሪያ ሥር። የእሳት ነገር ሳነሳ ባለቤቱ «ልጄ፣ ብረት ምን ይሆናል? የሚነደው እንጨቱ ነው» አሉኝ።

እውነት ነው፣ ብረት ለመቅለጥ 1500 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ሕንፃ ለመውደቅ ግን ብረቱ እስኪቀልጥ አይጠብቅም። እስከ 400 ዲግሪ ጥንካሬው ብዙም አይነካም። 600 ላይ ከግማሽ በላይ ያጣል። 700 ላይ የሚቀረው ሩብ አይሞላም።

ጋሼን በወሬ ከማሳመን ብዬ ኤክሴል ከፈትኩ። ለስሌት የሚውለው መደበኛ እሳት በ30 ደቂቃ 840፣ በአንድ ሰዓት 945 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በዩሮኮዱ፣ ማለትም በአውሮፓ የሕንፃ ዲዛይን ደንብ፣ ቀመር በየ5 ሰከንዱ ብረቱ የሚወስደውን ሙቀት እየደመሩ መሄድ ነው። ወፍራም ብረት ቀስ ብሎ ይሞቃል። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ አር ኤች ኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ግን እሳቱን እግር በእግር ይከተለዋል፤ እኛ ደግሞ የጣሪያ ትራስ (ጣሪያውን የሚሸከም የብረት ማዕቀፍ) በዚሁ በስሱ መሥራት ለምዶብናል። ወፍራሞቹ ኮለኖች (ቋሚዎች) እንኳ ሳይሸፈኑ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ 600 አለፉ። ከዚያ በኋላ ከጋሼ ጋር የተከራከርነው ስለ ወጪው ብቻ ነው።

እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን የብረቱ መርዘም ነው። 8 ሜትር ቢም (አግዳሚ) 600 ዲግሪ ሲሞቅ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። መሄጃ ካጣ ወይ ይጎብጣል፣ ወይ አጠገቡ ያለውን ይገፋል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ኒውዮርክ ውስጥ የወደቀውን ባለ 47 ፎቅ የዓለም ንግድ ማዕከል ሰባተኛ ሕንፃ አውሮፕላን አልመታውም። ለሰዓታት ነደደ። የአሜሪካ መንግሥት የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) በ2008 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ የረዘሙት የወለል ቢሞች አንዱን ዋና ቢም ከመቀመጫው ገፍተው አወጡት። ወለሎች ተከታትለው ወረዱ፤ 79 ቁጥር ኮለን ደጋፊ አጥቶ ጎበጠ፤ ሕንፃው ተከተለ።

በተቃራኒው ደግሞ እንግሊዝ አገር ካርዲንግተን ውስጥ በ1990ዎቹ አጋማሽ ባለ 8 ፎቅ የብረት ሕንፃ ሠርተው ሆን ብለው አቃጠሉት። ያልተሸፈኑት ቢሞች በጣም ጎበጡ፣ ወለሉ ግን አልወደቀም። በብረት ሉህ ላይ የተሞላው አርማታ እንደ ተወጠረ ጨርቅ ሆኖ ጭነቱን ተሸከመ። በአንዱ ሙከራ ግን ኮለኑ እስከ ጫፉ አልተሸፈነም ነበር። መጋጠሚያው ጋ የቀረችው ባዶ ቦታ ተጨፈለቀች፣ ከላይ ያሉት ወለሎችም ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አሉ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ሳይት ላይ ዓይኔ መጋጠሚያ ላይ ነው። ኮለኖቹን በአርማታ አለበስናቸው፤ እሳት መከላከያ ቀለም ብንቀባቸው ዕቃ ሲነካው ይላጣል። ፎርማኑ ቢሙ ሥር ሲደርስ ሊያቆም ነበር። ቡሎኖቹ መሀል አርማታ ማስገባት አሰልቺ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን እስከ ወለሉ ሆድ ድረስ እንዲሞላ አደረግሁ። ወለሉም እንደ ካርዲንግተኑ እንደ ጨርቅ መወጠር እንዲችል ፌሮው ቢሞቹ ላይ ሳይቆረጥ እንዲያልፍ አደረግን።

ቢሞቹን እሳት መከላከያ ቀለም ቀባናቸው። ይህ ቀለም ሲሞቅ ተነፍቶ አረፋማ ከሰል ይሆንና ብረቱን ይሸፍነዋል። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይህን አይሠራም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። ብረቱ ሲሳሳ ቀለሙ መወፈር አለበት፣ ስለዚህ በዓይን መገመት አይሆንም። እርጥቡን ጥርስ ባለው መለኪያ፣ ደረቁን በማሽን ቢም በቢም ለካን።

ቀለሙ ካለቀ በኋላ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች መጥተው የኬብል ማንጠልጠያ ለመበየድ ሦስት ቦታ ፋቁት። አስጠገንነው። አሁን ማንኛውም ብየዳ ከቀለሙ በፊት እንዲያልቅ ድሮዊንጉ ላይ በትልቁ እጽፋለሁ፤ ከርክክብ በፊትም መሰላል ይዤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ አያለሁ።