«ግራው በግልባጭ ይፈታል»

በብስክሌት ጥገና ወርክሾፕ ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ወር፣ አንዲት ቃል በትክክል የገባችኝ መስሎኝ የደንበኛ ብስክሌት ፍሬም አበላሽቻለሁ። ቃሏ «ግራ» የምትል ነበረች። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዬ ጎማና ከመነዳሪ መቀየር፣ የቸርኬ ሽቦ ማጥበቅ፣ ፍሬን ማስተካከልና ፔዳል መፍታት ስለነበር፣ በእነዚህ ላይ እጄ ተፍታትቷል ለማለት ይቻላል። የብስክሌቱን መሃል ግን፣ ማለትም ሁለቱን የፔዳል ክንዶች የሚያገናኘውን ዘንግና ኩሽኔታዎቹን የያዘውን ክፍል፣ ለብቻዬ ፈትቼ አላውቅም ነበር።

ይህ ክፍል በእኛ ቤት አንድ ስም አልነበረውም። በዕድሜም በሙያም የሚበልጡን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው መካኒክ «የመሃል ሞዞ» ይሉታል። ዕቃ የምታዝዘው ባልደረባችን ደግሞ ውሎዋ ከካታሎግ ጋር ስለሆነ «ቦተም ብራኬት» ወይም ባጭሩ «ቢቢ» ትለዋለች። ጋሼ «ቢቢ» ሲባል የሰው ቁልምጫ እንጂ የብረት ስም አይመስለኝም ብለው ይስቃሉ፤ እሷም ሞዞ የመንኰራኩር እምብርት እንጂ የፔዳል ሊሆን አይችልም ብላ ትመልሳለች። እኔ ለማንም ሳልወግን «የመሃል ኩሽኔታ» እል ነበር። በእውነቱ በዚህ ክርክር ትክክሏ እሷ ነበረች፤ ሆኖም የስሙ ልዩነት እስከዚያ ድረስ ማንንም ጎድቶ ስለማያውቅ፣ ከሻይ ሰዓት ጨዋታነት አልፎ ቁም ነገር ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የዚያን ዕለት የቀረበልኝ ዕድሜ ጠገብ የብረት ፍሬም ያለው ብስክሌት ሲሆን፣ ባለቤቱ ዳገት ሲወጣ ከእግሩ ሥር ይንቋቋብኛል ብሎ ነበር ያመጣው። ክንዶቹን ነቅዬ ዘንጉን በእጄ ስነቀንቀው ወዲያና ወዲህ ይጫወታል፤ ስለዚህ ዘንጉን ግራና ቀኝ የያዙትን ሁለት ኩባያዎች ፈትቼ አዲስ መግጠም ነበረብኝ። ከሁለቱ ኩባያዎች አንዱ እንደ ተራ ብሎን ሳይሆን በግልባጭ እንደሚፈታ ሰምቻለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ግን እርግጠኛ ስላልነበርኩ፣ ከክፍሉ ማዶ ቸርኬ ያቃኑ የነበሩትን ሰው «ጋሼ፣ በግልባጭ የሚፈታው የትኛው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ከቸርኬው ሳያነሱ «ግራው ነው ልጄ፤ ግራው በግልባጭ ይፈታል» አሉኝ።

መልሱ ከማውቀው ጋር ልክክ አለ። ፔዳል ስፈታ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ የግራ እግር ፔዳል ጥርሱ፣ ማለትም እንደ ብሎን የሚጠመዘዝበት መስመር፣ ግልባጭ መሆኑን እጄ ያውቀዋል፤ ለማጥበቅ የምናዞርበት አቅጣጫ ለሱ መፍቻው ነው። በፔዳል ዘንግ ጫፍ ላይ የሚቀረጹት «ኤል» እና «አር» የሚሉት ፊደላትም ይህንኑ ያጸናሉ፤ «ኤል» የተጻፈበት ወገኑም ግራ ነው፣ ጥርሱም ግራ ነው። ወገንና ጥርስ እዚያ ላይ ተስማምተው ስለሚሄዱ፣ «ግራ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊናገር እንደሚችል ለማሰብ ምንም ምክንያት አልነበረኝም።

ስለዚህ ቀላሉን ላስቀድም ብዬ ከቀኙ፣ ማለትም ሰንሰለቱ ካለበት ወገን ጀመርኩ። ዘይት አጠጥቼ ጥቂት ጠበቅኩ፤ ቁልፉን አስገብቼ ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ አቅጣጫ ገፋሁት። አልነቃነቅ አለ። ዝጎ ይሆናል ብዬ እንደገና ዘይት ጨመርኩ፤ አሁንም አልነቃነቅ አለ። በመጨረሻ አንድ ረዘም ያለ የብረት ቱቦ አምጥቼ የቁልፉ እጀታ ላይ ሰካሁና በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። መጀመሪያ ደረቅ እንጨት እንደመሰበር ያለ አጭር ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ቁልፉ በአንድ ጊዜ ለስለስ ብሎ ዞረ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ስህተቱ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ደስታ ነው። «እሺ አለ!» ብዬ ጮክ ብዬ ተናግሬአለሁ። ኩባያው አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ አምስቴ ዞረ፤ ሆኖም ከፍሬሙ አንዲት ሚሊሜትር እንኳ አልወጣም። ጣቴን በዘንጉ ዙሪያ ባለው ክፍተት አስገብቼ ሳወጣው፣ ከጠቆረው ግራሶ ጋር እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ የተጠቀለለና የሚያብረቀርቅ የብረት ክር ተከትሎት መጣ። ያ ክር የፍሬሙ ጥርስ ነበር።

ጋሼ መጥተው አጎንብሰው አዩና «ግራውን አላልኩህም?» አሉ። «ይህ እኮ ቀኙ ነው፤ ግራውን ገና አልነካሁትም» አልኳቸው። ለአፍታ ዝም ካሉ በኋላ «ወገኑ ቀኝ ነው፤ ጥርሱ ግን ግራ ነው» አሉኝ። እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ «ግራ» የሚሉት ጥርሱን ነው፤ ግራ ጥርስ ያለው ኩባያ ለሳቸው የትም ቢገጠም «ግራው» ነው። ያን ዓይነት ፍሬም በእንግሊዝ ልክ የተሠራ ሲሆን፣ በዚህ ልክ ግራ ጥርስ ያለው ኩባያ የሚገጠመው በቀኝ ወገን ነው። እኔ ፈታሁ ብዬ ሳጠብቅ፣ የኩባያው ከንፈር ፍሬሙ ላይ ተደግፎ መሄጃ ሲያጣ፣ ጥርሱ በተጫንኩት ልክ እየተላጠ ወጣ ማለት ነው። እኔ ግራ ስል ወገን፣ እሳቸው ግራ ሲሉ ጥርስ፤ ሁለታችንም አልተሳሳትንም፣ ፍሬሙ ግን ተበላሸ።

ፔዳል ላይ በግራ፣ መሃሉ ላይ በቀኝ የሆነበትን ምክንያት ያስረዱኝ በዚያው ከሰዓት ነው። እርሳስ አንስተው በግራ እጃቸው ጭብጥ መሃል አላልተው ያዙና፣ የእርሳሱን ጫፍ በቀኝ ጣታቸው ገፋ እያደረጉ ክብ አስዞሩት። ጫፉ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ሲሄድ፣ እርሳሱ ራሱ ጭብጣቸው ውስጥ በተቃራኒው አቅጣጫ ቀስ እያለ ይሽከረከር ነበር። ሰፋ ባለ ቀዳዳ ውስጥ ያለ ነገር ዙሪያውን እየተጫነ የሚሄድ ጫና ሲያርፍበት እንዲህ ይሆናል፤ ጠብቆ የታሰረ ብሎን እንኳ የፀጉር ያህል ክፍተት አያጣም፣ ለሺህ ጊዜያት ሲረገጥ ቀስ በቀስ ይዞራል። የፔዳልም የኩባያም ጥርስ የተመረጠው ይህ መዞር እንዳይፈታው ነው። ፔዳሉ ላይ ጥርሱ ያለው አብሮ በሚዞረው ክንድ ውስጥ ነው፤ መሃሉ ላይ ግን ጥርሱ ከፍሬሙ ጋር ቆሞ ዘንጉ በውስጡ ይዞራል። በዚህ ምክንያት አቅጣጫው ይገለበጣል፣ ግልባጩም ወደ ሌላው ወገን ይዛወራል። ይህን ቁልፉን ከመጫኔ በፊት አውቄው ቢሆን ኖሮ ጥያቄም ባላስፈለገኝ ነበር።

ፍሬሙ አልተጣለም። በእንግሊዝ ልክ የቀዳዳው ስፋት 34.8 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የጣሊያን ልክ 36 ሚሊሜትር ነው፤ በሁለቱም ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አለ። የብረት ፍሬም በዚያ ቦታ ወፈር ያለ ግድግዳ ካለው፣ የተላጠው ጥርስ ተጠርጎ በጣሊያን ልክ አዲስ ጥርስ ሊወጣለት ይችላል። ለባለቤቱ የሆነውን ሳልደባብቅ ነገርኩት፤ ወጪውን ወርክሾፑ ሸፈነ፣ ጥርሱን ደግሞ ጋሼ ራሳቸው አወጡለት። እኔ መብራት ያዥ ሆኜ ዘይት ሳንጠባጥብ ዋልኩ። የጣሊያን ልክ በሁለቱም ወገን ተራ ቀኝ ጥርስ ስለሆነ፣ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ኩባያ በጊዜ ብዛት የመላላት ጠባይ አለው፤ ስለዚህ ብሎን እንዳይላላ የሚያደርግ ማጣበቂያ ቀብተው በደንብ አጠበቁት።

በማግሥቱ ኃላፊያችን ሰብስቦን የዕቃ ስሞች በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ አለ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል የተባለው ስብሰባ እስከ ምሳ ዘለቀ። «ግራ» እና «ቀኝ» በቀላሉ ተወገዱ፤ በእነሱ ፋንታ «የሰንሰለት ወገን» እና «ሰንሰለት የሌለበት ወገን» እንድንል ተስማማን፣ ምክንያቱም ብስክሌቱ ቢገለበጥም፣ ከፊት ቢታይም ከኋላ፣ ሰንሰለቱ ቦታውን አይለቅም። እዚህ ላይ ጋሼ «ሰንሰለት የበር ነው፣ የብስክሌት ካቴና ይባላል» ሲሉ፣ ዕቃ የምታዝዘው ልጅ «ካቴናማ ለእጅ ነው፣ ሰው የሚታሰርበት» አለች፤ ይህ ክርክር እስካሁን አላለቀም።

ዋናው ውጊያ የተደረገው ግን «ጥርስ» ላይ ነበር። ይህ ቃል በእኛ አፍ ሦስት ነገር ነው፦ የብሎኑን ጠመዝማዛ መስመር፣ ሰንሰለቱ የሚነክሰውን እያንዳንዱን ሹል ጫፍ፣ እንዲሁም ሹል ጫፎቹን የያዘውን ክብ ብረት በሙሉ እንጠራበታለን። «የኋላ ጥርስ፣ 7፣ 28» ተብሎ የተጻፈ ማዘዣ ለአንዱ ሰባት ደረጃ ያለው፣ ትልቁ ክብ 28 ሹል የሆነ ዕቃ ነው፤ ለሌላው ግን 28 የጎማ ቁጥር ሊመስለው ይችላል። የጎማው 28ም ቢሆን ብቻውን አያስተማምንም፤ 28 ተብለው ከሚሸጡት ጎማዎች የአንዱ የውስጥ ጠርዝ ስፋት 622 ሚሊሜትር፣ የሌላው 635 ሚሊሜትር ነው፣ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። ያው 622 ደግሞ በመንገድ ብስክሌት ላይ 700ሲ፣ በተራራ ብስክሌት ላይ 29 ይባላል። ጎማን በሚሊሜትር እንድንጽፍ ማንም ሳይቃወም የተስማማነው በዚህ ምክንያት ነው። ለክቡ ብረት «ደረጃ»፣ ለሹሉ «ጥርስ»፣ ለጠመዝማዛው «የብሎን ጥርስ» ብለን ጨረስን። «ካሴት» እና «ፍሪዊል» የሚሉትንም ለየናቸው፤ ከሞዞው ላይ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ የሚገባውና የመንሸራተቻውን ስልት፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ መንኰራኩሩ በነፃ እንዲዞር የሚያደርገውን፣ በሆዱ የያዘው ፍሪዊል ነው፣ ስልቱ ሞዞው ላይ ቀርቶ ደረጃዎቹ ብቻ ተንሸራተው የሚወጡት ካሴት ነው። ከዚያ በፊት ሁሉንም ካሴት ስንል በከንቱ ያዘዝነው ዕቃ መደርደሪያ ሞልቶ ነበር። ጋሼ «የመሃል ሞዞ» የሚለውን ስማቸውን ሳይለቁ ወጡ፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ቢቢ» ተጻፈ።

ያ ብስክሌት ከአንድ ዓመት በኋላ ለእጥበትና ለግራሶ ተመልሶ መጣ፤ የተሰጠውም ለአዲሷ ሰልጣኝ ነበር። ወረቀቱን በቃሏ የያዘች ልጅ ናት፤ ክንዶቹን አወለቀች፣ ቁልፉን በሰንሰለቱ ወገን አስገባችና «የሰንሰለት ወገን፣ በግልባጭ» ብላ ለራሷ እያነበነበች ልትገፋ ስትል እጇን ያዝኩት። ፍሬሙን ገልብጬ ከሥሩ ያለውን ጭቃ በጨርቅ ጠረግኩላት፤ በነጭ ቀለም የጻፍኩት ጽሑፍ አልለቀቀም ነበር፦ «36 ሚሜ፣ በሁለቱም ወገን ቀኝ ጥርስ»። ሁለቴ አነበበችውና ቀና ብላ «ታዲያ የዚህ ግራው የታለ?» አለችኝ።

ጋሼ ከማዶ ቸርኬያቸውን እያቃኑ፣ ዓይናቸውንም ሳያነሱ «እሱ ልጦ ጥሎታል» አሏት።