አራተኛው ማን ነው?

ጥቅምት እያለቀ ነው። በቴክሳስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአሜሪካ ፉትቦል ሠንጠረዡ የሚጨናነቀው በዚህ ሰሞን ነው። ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድና ፕላኖ አካባቢ ልጅ የሚያጫውት ወላጅ «አንደኛ ወጥተን እንዴት ዲቪዥን 2 ገባን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ዲቪዥን 1 እና 2 የየራሳቸው ዋንጫ ያላቸው ሁለት ጥሎ ማለፎች ናቸው።

በተማሪ ቁጥር ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች የሚወዳደሩበት 6ኤ የሚባለው እርከን በ32 ዲስትሪክት የተከፈለ ነው፤ እኛ ምድብ እንደምንለው። 8 ቡድን ባለበት ዲስትሪክት ከ10 ጨዋታ የሚቆጠረው 7ቱ ብቻ ነው። ከምድቡ ውጭ የተደረጉት 3ቱ ለማለፍ አይጠቅሙም፤ በ50 ነጥብ ቢሸነፉም አይጎዱም።

ከየዲስትሪክቱ 4 ቡድን ያልፋል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ወዲያ ነው። ካለፉት መካከል ብዙ ተማሪ ያላቸው ሁለቱ ዲቪዥን 1፣ የቀሩት ሁለቱ ዲቪዥን 2 ይገባሉ። ደረጃ አይጠየቅም። ያለፉት 3200፣ 2800፣ 2500 እና 2300 ተማሪ ያላቸው ናቸው እንበል። ባለ 2800ው ዲቪዥን 1 ነው። በመጨረሻው ዓርብ ግን ባለ 2300ው ተሸንፎ 3000 ተማሪ ያለው ቢተካው፣ ባለ 2800ው ምንም ሳያጠፋ ወደ ዲቪዥን 2 ይዞራል። አሰልጣኙ የራሱን ጨዋታ አሸንፎም የሌላ ሜዳ ውጤት ይጠብቃል፤ ተጋጣሚው የሚታወቀው አራተኛው ሲለይ ነዋ።

ደረጃ የሚታየው ዲቪዥን ከተለየ በኋላ ነው። ከሁለቱ የተሻለ ደረጃ ያለው በዚያው ዲቪዥን የጎረቤት ዲስትሪክት ሁለተኛን ይገጥማል። ሦስተኛና አራተኛ የወጡት ትልልቆቹ ከሆኑ ሦስተኛው በዲቪዥን 1 አንደኛ ይባላል፤ በምድቡ ሁለተኛ የወጣው ደግሞ በዲቪዥን 2 ሁለተኛ ሆኖ ከበድ ያለ ተጋጣሚ ይደርሰዋል። ይሄ ለእኔ አይዋጥልኝም። ከ5ኤ ወደ ታች ያሉት አነስ ያሉ ትምህርት ቤቶች ዲቪዥናቸውን ውድድሩ ሳይጀመር ያውቁታል። 6ኤን እንዲያ መክፈል ግን ምድቡን ያሰፋል፤ ዓርብ ማታ የአውቶቡሱ መንገድ ይረዝማል።

ሁለት ቡድን እኩል ከሆነ እርስ በርስ የተጋጠሙበት ውጤት ይለያቸዋል። ሦስት ሆነው በዙር ከተሸናነፉ ዲስትሪክቱ አስቀድሞ የጻፈው ደንብ ይታያል። ብዙ ጊዜ የነጥብ ልዩነት ነው፤ ያውም ጣሪያ ተበጅቶለት፣ ጠንካራው ደካማውን ያለ ልክ እንዳይደበድብ። ያም ካልለየ ሳንቲም ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. 2 ብቻ ያልፉ በነበረበት ጊዜ፣ ሦስት እኩል የሆኑ የምዕራብ ቴክሳስ ትምህርት ቤቶች፣ የፐርሚያን፣ የሚድላንድ ሊ እና የሚድላንድ ሃይ አሰልጣኞች በከባድ መኪና ማረፊያ ተገናኝተው ሳንቲም ወረወሩ። የተለየ ጎን የወጣበት ይቀራል፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ከሆነ ይደገማል። ሚድላንድ ሃይ ቀረ።

በየዲቪዥኑ 64 ቡድን ጥሎ ማለፍ ይጀምራል፤ ዋንጫ ለማንሳት 6 ተከታታይ ድል ያስፈልጋል፣ የመጨረሻው ታኅሣሥ ላይ አርሊንግተን። እስከዚያው የምድባችሁን ትምህርት ቤቶች የተማሪ ቁጥር ከሠንጠረዡ ጎን ጻፉት። የቴክሳስን የትምህርት ቤት ውድድሮች የሚመራው ዩአይኤል ምድብ ሲደለድል የያዘው ቁጥር ለሁለት ዓመት ስለማይቀየር አንዴ መጻፍ ይበቃል።