እዚያ ስደርስ የምጠይቀው

«ሰማይ ስንደርስ እንጠይቀዋለን» የሚለውን አነጋገር ሰምቶ የማያውቅ አማኝ ያለ አይመስለኝም። ከቀብር መልስ ይባላል፤ ባልና ሚስት ልጅ እንደናፈቁ ዓመታት ሲያልፉ ይባላል፤ ቅን ሰው ተበድሎ በዳዩ ሲከብር ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚባለው ጨዋታውን ለመቁረጥ ነው። ተናጋሪው መልስ ሲያጣ ጥያቄውን ወደ ሰማይ ይልክና እፎይ ይላል። እኔ አነጋገሩን ቃል በቃል ነው የምወስደው። የምጠይቀው አለኝ፤ ማንን እንደምጠይቅም አውቃለሁ።

ታናሽ እህቴ የሞተችው ተሻላት ብለን ደስ ባለን ሰሞን ነው። ሊያጽናኑን የመጡት ሁሉ የተናገሩትን ከልብ እንደተናገሩት አልጠራጠርም። «ለበጎ ነው» ያሉኝ አሉ። «የሚወዳቸውን ቀድሞ ይወስዳል» ያሉኝም አሉ፤ ታዲያ እኛ የቀረነው ምን ልንባል ነው ብዬ ለመጠየቅ አፌ ደርሶ ዋጥኩት። አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ደግሞ የጥልፉን ምሳሌ ነገሩኝ፦ እኛ የምናየው የጨርቁን ጀርባ ነው፤ ክሩ የተወሳሰበ፣ ቋጠሮው የበዛ ነው፤ ሰማይ ገብተን ፊቱን ስናየው ግን ውብ ሥዕል ሆኖ እናገኘዋለን። ምሳሌው ብዙዎችን እንዳጽናና አይቻለሁ፤ እኔን ግን አያሳርፈኝም። ክር አያመውም። ክር ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አያድርም፤ አጠገቡ ያለው ሲቆረጥም አያለቅስም። የሚጠብቀኝ መልስ «ሥዕሉ እንዲያምር እህትህ መቆረጥ ነበረባት» የሚል ከሆነ፣ ያን ሥዕል የማደንቅበት ዓይን የሚኖረኝ አይመስለኝም።

እህቴ የጸሎት ደብተር ነበራት። ሰማያዊ ሽፋኑ ጥጉ ላይ የተላጠ፣ ባለ መስመር የተማሪ ደብተር ነው። በግራ በኩል የምትጸልይለትን ሰው ስም፣ መሃል ላይ ጉዳዩን፣ በቀኝ በኩል መጸለይ የጀመረችበትን ቀን ትጽፋለች። ጸሎቱ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ታደርግበታለች። ከቀብሯ በኋላ ገጽ በገጽ አነበብኩት። ሥራ ያገኘ ጎረቤት፤ ቀይ ምልክት። በሰላም የተገላገለች የሥራ ባልደረባ፤ ቀይ ምልክት። የእኔም ስም አለበት፤ ምን ብላ እንደጸለየችልኝ ለራሴ ላስቀረውና፣ እሱም ምልክት አለው። የራሷን ስም የጻፈችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ገጽ፣ ፊደሉ እየተንጋደደባት፦ «እንድድን»። ምልክት የለውም።

ድናለች እኮ፣ በሚበልጠው መንገድ ድናለች የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኔም ይህንኑ አምናለሁ። ነገር ግን የጻፈችው ስለዚያ እንዳልነበረ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ እግዚአብሔርም ያውቃል። የለመነችው አልጋዋን ለቅቃ መነሣትን ነው። ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ በእሷ ፋንታ ምልክት ላድርግበት አልደፈርኩም። የማድረግ መብቱም የእኔ አይደለም።

በዚያ ሰሞን መጽሐፈ ኢዮብን ደጋግሜ አነበብኩ፤ ሐዘንተኛ ሁሉ ወደዚያ መሄዱ አይቀርም። እኛ አንባቢዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች የምናውቀውን ነገር ኢዮብ ራሱ እስከ መጨረሻው አያውቀውም። ሰይጣን ስላቀረበው ክስ፣ በሰማይ ስለ እርሱ ስለተደረገው ንግግር የነገረው የለም። እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ በተናገረው ጊዜም ከምዕራፍ 38 ጀምሮ ያወረደበት ጥያቄ ነው፦ ምድርን ስመሠርት የት ነበርህ? የባሕርን በር የዘጋው ማን ነው? ለጠያቂ የሚሰጥ መልስ ይህ ነው ወይ ብዬ ተናድጄም አውቃለሁ። ኢዮብ ግን ረክቷል፦ «መስማትን በጆሮ ስለ አንተ ሰምቼ ነበር፤ አሁን ግን ዓይኔ አየችህ።» ምክንያቱን ሳይሆን ባለቤቱን አይቶ ዝም አለ።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሰው ብዙም የማይናገርላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የወዳጆቹ ነገር ነው። ሦስቱም መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ካደረጉት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የተበላሸው ማብራራት ሲጀምሩ ነው። በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ሲጮኽና ሲሟገት በነበረው በኢዮብ ላይ አይደለም፤ ለእግዚአብሔር ጥብቅና በቆሙት በእነርሱ ላይ ነው። ሌላው ደግሞ ሒሳቡ ነው። በጎቹ 7 ሺህ የነበሩት 14 ሺህ፣ ግመሎቹ 3 ሺህ የነበሩት 6 ሺህ ሆነው ተመለሱለት፤ ሁሉም እጥፍ ሆነ። ልጆቹ ግን እንደ ቀድሞው ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ናቸው። ከብቱ ጠፍቶ ነበር፣ የሞቱት ልጆች ግን አልጠፉም፤ የፊተኞቹ አሥርና የኋለኞቹ አሥር ሲደመሩ እነርሱም እጥፍ ናቸው ብለው የሚያስተምሩ አሉ። ጽሑፉ ራሱ ይህን አይልም። ቢሆንም እንዲህ ያለውን ሒሳብ ማን ይጠላል?

ከኢዮብ ይልቅ የሚቀርበኝ ግን የቢታንያው ቤት ነው። ኢየሱስ የአልዓዛርን መታመም ከሰማ በኋላ በነበረበት ስፍራ ሁለት ቀን ቆየ። ሲደርስ ማርታ መንገድ ላይ፣ ማርያም ቆየት ብላ፣ ተጠራርተው ያጠኑት ይመስል አንድ ዓይነት ነገር አሉት፦ «ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር።» በጨዋ አንደበት የቀረበ ወቀሳ ነው። እርሱም አልገሠጻቸውም። ለምን እንደዘገየ ያውቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ሟቹን በስሙ ጠርቶ እንደሚያወጣውም ያውቃል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው እርሱ አለቀሰ። ምክንያትን ማወቅ እንባን የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ መቃብር ደጅ ከሁሉ በፊት መድረቅ የነበረበት የእርሱ ዓይን ነበር። ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ፣ አንድ ቀን መልሱን ባገኝ እንኳ «ይህን ብታውቅ ኖሮ አታለቅስም ነበር» ተብዬ እንደማላፍር እርግጠኛ ሆንኩ።

ሰማይ ስንደርስ ጥያቄው ሁሉ በራሱ ይረሳል የሚሉትንም በቀላሉ አልቀበላቸውም። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 ላይ ስለ እግዚአብሔር ቃል የታረዱት ሰዎች ነፍሳት ከመሠዊያው በታች ሆነው በታላቅ ድምፅ ይጮኻሉ፤ ጩኸታቸውም «እስከ መቼ?» የሚል ነው። እነዚህ ደርሰዋል፤ ከሥቃይና ከሞት ወዲያ ናቸው። ግን ይጠይቃሉ፤ ዝም በሉ ያላቸውም የለም። ነጭ ልብስ ተሰጣቸው፣ ጥቂት ጊዜም እንዲያርፉ ተነገራቸው። ልብሱ መልስ አይደለም። ለሚጠብቅ ሰው የተሰጠ ክብር ነው እንጂ። መጠየቅ ያለማመን ምልክት ነው ብለው የሚቆጡኝ ሰዎች ይህን ምዕራፍ እንዴት እንደሚያነቡት አንድ ቀን ብሰማ ደስ ይለኛል።

ከቀደሙት መምህራን የአውግስጢኖስ ነገር ያስደንቀኛል። በወጣትነቱ የሚወደው ጓደኛው በትኩሳት ሞተበት። ነፍሴን ለምን ታዝኛለሽ ብዬ ብጠይቃት የምትመልስልኝ አጣች፣ እኔው ለራሴ ታላቅ ጥያቄ ሆንኩ ብሎ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ387 እናቱን ሞኒካን ቀበረ፤ ብዙም ሳይቆይ ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ሞተበት። ይህ ሰው ሸምግሎ በጻፈው ትልቁ ሥራው ውስጥ፣ ደጉ ለምን ይደኸያል፣ ክፉው ለምን ይደላዋል የሚለውን አንስቶ አናውቅም ይላል። በፍርድ ቀን ግን የእግዚአብሔር ፍርድ ትክክል እንደነበር ይገለጣል፤ እስከዚያ ድረስ ከእኛ መሰወሩም ትክክል እንደነበር አብሮ ይገለጣል። የመጀመሪያውን እሺ ብዬ እቀበላለሁ። ሁለተኛው ይከብደኛል። መሰወሩ ራሱ ነው የሚያመኝ። ያም ሆኖ ሦስት የሚወዳቸውን ቀብሮ ይህን ያለ ሰው፣ ሐዘን ሳይነካው ከሚያስተምረኝ ይልቅ ይደመጣል።

ታዲያ የምጠብቀው ምንድን ነው? የእህቴ ሞት ጥሩ ነገር ነበር እንድባል አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ሞትን የመጨረሻው ጠላት ይለዋል፤ ጠላት ሰማይ ሲደረስ ወዳጅ ነበረ አይባልም፤ ይሻራል። ኢየሱስ የጴጥሮስን እግር ሊያጥብ ጎንበስ ብሎ ሳለ «እኔ የማደርገውን አንተ አሁን አታውቅም፥ በኋላ ግን ታስተውለዋለህ» አለው። የያዝኩት ይህችን «በኋላ» ነው። ቃሉን የተናገረው እጁ ውኃ ውስጥ ሆኖ፣ የሚጠይቀው ሰው እግር ሥር ተንበርክኮ መሆኑ ደግሞ ያበረታኛል። ጳውሎስም «በዚያን ጊዜ ግን ፊት ለፊት እናያለን» ይላል። በመልእክተኛ የሚደርስ ማብራሪያ አልፈልግም። ፊት ለፊት ከሆነ ግን፣ ያውም የራሱ እጅ የችንካሩን ምልክት እንደያዘ ከሆነ፣ የሚለኝን ሁሉ ልሰማ እችላለሁ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ስነግራት በትዕግሥት ሰምታኝ ሳቀች።

«እኔ ልጄን ካገኘሁ ምን እጠይቃለሁ ልጄ? አቅፌያት ቆሜ ጥያቄ ከየት ይመጣልኛል?»

«ለምን ሄደች ብለሽ አትጠይቂውም እማዬ?»

«አንተ ጠይቅልኝ» አለች።

በእናቴና በእኔ መካከል ያለውን ልዩነት ሳወጣ ሳወርድ ሁለታችንንም በትንሣኤው ቀን አገኘኋቸው። መግደላዊት ማርያም በአትክልቱ ስፍራ ስታለቅስ ምንም አልተብራራላትም፤ «ማርያም» ብሎ ጠራት፣ በቃት። እናቴ እንዲህ ናት። በዚያው ቀን ቀለዮጳና ጓደኛው ከኢየሩሳሌም ወደ ኤማሁስ፣ 11 ኪሎ ሜትር ያህል፣ «ተስፋ አድርገን ነበር» እያሉ ፊታቸው ጠቁሮ ይሄዳሉ። ለእነርሱ ስማቸውን አልጠራላቸውም። አብሯቸው እየተራመደ ከሙሴና ከነቢያት ሁሉ ጀምሮ አስረዳቸው፤ ማንነቱን ያወቁት ማዕድ ላይ ተቀምጠው እንጀራውን ሲቆርስ ነው። በእርግጥ ማስረዳት ከመጀመሩ በፊት የማታስተውሉ፣ ልባችሁ ከማመን የዘገየ ብሎ ገሥጿቸዋል። እኔም ብገሠጽ ግድ የለኝም፤ መንገዱን ሙሉ ካስረዳኝ።