የእማዬ ምጣድ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ደሴ። እማዬ እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ተቀምጬ የቤታችንን ሶኬት እቆጥራለሁ። ልጅ ሆኜ ያለን አንዲት ቢጫ አምፑል ነበረች። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ፣ ከዚያ ፍሪጅ። እኔ ኮምቦልቻ ሥራ ስይዝ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገባ። እጃችን ትንሽ ሻል ባለ ቁጥር ቆጣሪው ይፈጥናል።

ዮይቺ ካያ የሚባል ጃፓናዊ የኃይል ምሁር ሀብትና ካርቦን እንዴት እንደሚያያዙ በማባዛት አስቀምጦታል። የሕዝብ ብዛት፣ የነፍስ ወከፍ ገቢ፣ እያንዳንዷን ብር ገቢ ለማፍራት የሚፈጀው ኃይል፣ ከእያንዳንዱ መለኪያ ኃይል የሚወጣው ካርቦን። አራቱ ሲባዙ የአገሩ ልቀት፣ ማለትም ወደ አየር የሚለቀው ካርቦን፣ ይመጣል። የኛን ቤት በዚህ ስይዘው ገቢውም መብራቱም ጨምሯል፤ ካርቦኑ ግን አብሮ አልወጣም። የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውኃ ነውና። ሕዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው።

እንግሊዞች ሀብታቸው እያደገ ልቀታቸውን ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ በግማሽ ያህል ቀንሰዋል። የመጨረሻውን የድንጋይ ከሰል ማመንጫ የዘጉት በ2024 ነው። ግን እነሱ መጀመሪያ በከሰል ከበሩ፣ ኋላ ተዉት። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ አሜሪካዊው 14 ቶን ገደማ። «ቀንሱ» ሲሉን ከምኑ ላይ እንደምንቀንስ አይገባኝም። (ሐረጎን ሽቅብ ስንወጣ ሚኒባሳችን የሚተፋውን ጥቁር ጭስ ሳይ ግን ትንሽ አፍራለሁ።)

ይህን እያሰብኩ እማዬ ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሰች፣ ሊጡን አዙራ አፈሰሰች። እንጀራው ዓይን ማውጣት ሲጀምር መብራቱ ድርግም። አክንባሎውን ከፍታ አየችው። ግማሹ ዓይን አለው፣ ግማሹ ሊጥ ነው።

«ያን ጭራሮ አምጣልኝ» አለች።

ጉልቻዎቹን ዛሬም አልጣለቻቸውም፤ የሸክላው ምጣድም ጓሮ ተደፍቶ አለ። ኩበቱን ሰባብራ ከታች፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከላይ። እፍ ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። ባለፈው ዓመት ነጭ የቀባሁት ግድግዳ ላይ ጭሱ ቀስ እያለ ወጣ።

ሦስተኛው እንጀራ ላይ መብራት መጣ። ሮጬ ሶኬቱን ልሰካ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተወው፣ እሳቱ ነዷል። እንጨቱ ለምን ይባክናል?»

ሊጡን በጭሱ ጨረሰችው።