ከቀበና ድልድይ በታች ያለው ደለል

ከጅቡቲ አዲስ አበባ የገባሁት በባቡር ነው፤ ስለ መንገዱ የምለው ብዙ የለኝም። ከለቡ ጣቢያ እስከ አራት ኪሎ ያደረሰኝ ባለ ላዳ 1,500 ብር ተቀበለኝ። ያረፍሁበት ፔንሲዮን ምድር ቤቱ መጠጥ ቤት ስለሆነ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ብርዱም የጅቡቲን ሙቀት ለለመደ ሰው የሚቻል አልነበረም።

ጠዋት ወደ ቀበና ወንዝ ወረድሁ። ከድልድዩ ሥር የተጋደመውን ጥቁር ደለል ሳይ በጅቡቲ ጠረፍ ያለው የጎዶሪያ ማንግሮቭ፣ ያ በባሕር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ደን፣ ትዝ አለኝ። እዚያ የዛፎቹ ሥሮች የውሃውን ፍጥነት ስለሚገቱ ደቃቁ ሸክላ ይዘቅጣል፤ ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም የባሕሩን ሰልፌት (ድኝና ኦክስጅን ያለበትን ውሑድ) ኦክስጅን ወደሌለው የድኝ ውሑድ፣ ወደ ሰልፋይድ፣ ይለውጡታል፤ ሰልፋይዱ ደግሞ እርሳስን፣ መዳብንና ዚንክን በማይሟሟ መልክ አስሮ ያስቀራል። ስለዚህ ላዩ ጠርቶ ሳለ የብዙ ዓመት ብክለት ከታች ተከማችቶ ሊገኝ ይችላል። በወንዝ ውሃ ውስጥ ግን ሰልፌቱ ከባሕሩ እጅግ ያነሰ በመሆኑ ከባድ ብረታቱን በአብዛኛው የሚይዟቸው ሸክላው፣ ዝገቱና የበሰበሰው ነገር ናቸው፤ የክረምት ጎርፍም ይህንኑ ደለል እያነሳ በትልቁ አቃቂ ወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወስደዋል።

ጫማዬ በጭቃው ተውጦ ልታጠብ ሳጎነብስ፣ በቆሎ የሚጠብሱ አንዲት እናት «ተው ልጄ፣ በዚህ አትታጠብ!» ብለው ከጀሪካናቸው የቧንቧ ውሃ አፈሰሱልኝ። ገንዘብ ሳወጣ ተቆጡኝ፤ በቆሎውን እንኳ ያስከፈሉኝ ስለወተወትኋቸው ነው።

ትንሽ ዝቅ ብሎ ከወንዙ የተዛቀ ደለል ዳር ላይ ተከምሮ አየሁ፤ ከላዳው ሒሳብ ይልቅ ያናደደኝ ይህ ነው። አየር ሳይነካው የኖረ ጭቃ ፀሐይ ላይ ሲወጣ በውስጡ ያለው ሰልፋይድ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ በእሱ ታስሮ የነበረው ከባድ ብረትም ተፈትቶ በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ወንዙ ሊመለስ ይችላል። ዳርቻውን በድንጋይ ማንጠፍና በአበባ ማስጌጥ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ነገር ግን የተዛቀው ጭቃ ሳይመረመርና ተለይቶ ሳይቀበር ወንዙ ጸዳ ማለት ይከብደኛል። ከባድ ብረት አይበሰብስም። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ገበያ ጨርሶ የወጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከጭሱ ጋር ወጥቶ ያረፈው እርሳስ ግን ዛሬም በየከተማው አፈርና ደለል ውስጥ አለ።

ከከተማው በታች በአቃቂ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ካድሚየም ደግሞ ወደ ቅጠላ ቅጠል በቀላሉ የሚገባ መርዛማ ከባድ ብረት ነው። ምሳ ላይ አስተናጋጇን ሰላጣው ከየት እንደመጣ ብጠይቃት «ከገበያ ነዋ!» አለችኝ። ሽሮ አዘዝሁ።