ከሄልሲንኪ ማዶ፣ የአሊዴ አገር

ከፊንላንድ ዋና ከተማ ከሄልሲንኪ እስከ ኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን በመርከብ 2 ሰዓት ገደማ ነው። በመሃል ያለው ባሕር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። መርከቡ ቢራ በያዙ ፊንላንዳውያን ተሞልቷል። እኔ የያዝኩት የሶፊ ኦክሳነንን «ማጽዳት» ነው። ልብ ወለዱ በፈረንጆቹ 2008 ወጥቶ በዚያው ዓመት ፊንላንዲያ የተባለውን የፊንላንድን ትልቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ወሰደ። የደራሲዋ አባት ፊንላንዳዊ፣ እናቷ ኢስቶኒያዊት ናቸው። ታሪኩም የሚሆነው ከባሕሩ ማዶ፣ ኢስቶኒያ ገጠር ውስጥ ነው።

ዘመኑ 1992 ነው። ኢስቶኒያ ከሶቪየት ኅብረት ነፃ ከወጣች ዓመት አልፏታል። አሊዴ ትሩ የምትባል አሮጊት አንድ ጠዋት ግቢዋ ውስጥ የተጎሳቆለች ወጣት ወድቃ ታገኛለች። ታስገባት ይሆን? የሌቦች ወጥመድ ብትሆንስ? ከዚህች ጥርጣሬ ተነስቶ ታሪኩ ወደ 1940ዎቹ ይመለሳል። መጨረሻውን አልናገርም።

ታሊን እንደገባሁ በቀጥታ ወደ ፓጋሪ መንገድ ሄድኩ። የሶቪየት ደህንነት መሥሪያ ቤት የነበረው ሕንፃ እዚያ ነው። ዛሬ ፎቁ ላይ ሰው ይኖርበታል፤ ምድር ቤቱ ሙዚየም ሆኗል። የምድር ቤቱ መስኮቶች በጡብ ተደፍነዋል። የሚመረመረው ሰው ጩኸት መንገድ ላይ እንዳይሰማ ነው። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፣ ይቀፋሉ። ግን እንደ መጽሐፉ አላስፈሩኝም።

መጽሐፉ እስር ቤት ውስጥ ብዙ አይቆይም። አሊዴ ከምርመራ ወጥታ ቤቷ ትገባለች፤ የባሰው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቲማቲም ታሽጋለች፣ ላም ታልባለች፣ ጎረቤት ሰላም ትላለች። እሷ በምርመራው የደረሰባት ግፍ የደረሰባቸውን ሌሎች ሴቶች ሲያያቸው ዓይኗ ይለያቸዋል። ትሸሻቸዋለች። አብራቸው ከታየች እሷም ትታወቃለቻ! ከለላ ፍለጋ የፓርቲ ካድሬ ታገባለች። የእህቷን ባል ግን ቤቱ ውስጥ ባለች ስውር ክፍል ደብቃዋለች፤ ትወደዋለችና። እህቷና የእህቷ ልጅ ወደ ሳይቤሪያ ሲጫኑ የእሷም እጅ አለበት። ታዲያ ይቺን ሴት ምን ትላታለህ? የተበደለች ናት፣ በዳይም ናት። የደርግን ዘመን ሲያነሱ ዛሬም ድምጻቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ዘመዶች ያሉን ሰዎች ይሄ ብዙም አይገርመንም። ጆሮ ጠቢው ሁልጊዜ ከሩቅ አይመጣም።

ሳይቤሪያው ልብ ወለድ አይደለም። በፈረንጆቹ መጋቢት 1949 በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ20,000 በላይ ሰው ከኢስቶኒያ በባቡር ተጭኗል። አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። የተረፈው ገበሬ ፈርቶ ወደ ጋራ እርሻው ገባ። ማሪያማኤ በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር፣ በ2018 የተመረቀ የመታሰቢያ ግድግዳ አለ። ከ22,000 በላይ ስም ተጽፎበታል። ሰዎች ቀስ ብለው እየተራመዱ የቤተሰባቸውን ስም ይፈልጋሉ። እኔ የምፈልገው ስም ስላልነበረኝ ወደ ዳር ወጥቼ መንገድ ለቀቅኩላቸው።

ቪሩ ሆቴል ደግሞ ያስቃል። በ1972 ለውጭ እንግዶች የተከፈተ ነው፤ በተለይ ለፊንላንዳውያን። ሊፍቱ የሚያሳየው እስከ 22ኛ ፎቅ ነው። 23ኛው ላይ ኬጂቢ የተባለው የሶቪየት ደህንነት ተቀምጦ የእንግዶቹን ወሬ ያዳምጥ ነበር። በሩ ላይ በሩሲያኛ «እዚህ ምንም የለም» የሚል ጽሑፍ አለ። ምንም ከሌለ ምን ያስለጥፋል? ቡና ይዞ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣው ፊንላንዳዊ ከታች ቁርሱን ሲበላ ከላይ ጆሮ ተተክሎበታል።

ከመመለሴ በፊት አንድ መጽሐፍ ቤት ገባሁ። ሻጯ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። «ማጽዳት»ን እጄ ላይ ሲያዩ ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ። እውነት ለመናገር ኢስቶኒያ ውስጥ መጽሐፉን ያልወደዱት ጥቂት አይደሉም። አገራችንን አጨልሞ ሳላት፣ ያውም በፊንላንድኛ፣ ይላሉ። እኔም አሊዴ የተረፈችው በምን እንደሆነ ያሳየ መጽሐፍ ነው ብዬ ተከራከርኳቸው። ፍርሃት ሰውን ምን እንደሚያስደርግ ከሙዚየሙ ይልቅ እሷ አሳየችኝ አልኩ። እሳቸው ግን አልተረቱም። በዚያ ሁሉ መሃል እህቷን ያልከዳችም ነበረች፣ እሷን ማን ይጻፋት አሉኝ።